ከአንዲት መለኪያ እስከ ምክር ቤት፦ የቦይንግ 737 ማክስ ነገር

መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. እሑድ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከ38 ደቂቃ ላይ የኢትዮጵያ አየር መንገድ የበረራ ቁጥር 302 ከቦሌ ተነሥቶ ወደ ናይሮቢ ጉዞ ጀመረ። አውሮፕላኑ ከፋብሪካ ከወጣ ገና አራት ወር ገደማ የሆነው ቦይንግ 737 ማክስ 8 ነበር። ከስድስት ደቂቃ በኋላ ከቢሾፍቱ አቅራቢያ፣ በጊምቢቹ ወረዳ ቱሉ ፈራ በተባለ ስፍራ ወድቆ የተሳፈሩት 149 መንገደኞችና 8 የበረራ ሠራተኞች በሙሉ ሕይወታቸውን አጡ። ከዚያ አምስት ወር ባልሞላ ጊዜ ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 29 ቀን 2018 የኢንዶኔዥያው ላየን ኤር ንብረት የሆነ ተመሳሳይ አውሮፕላን ከጃካርታ እንደተነሣ ባሕር ውስጥ ገብቶ 189 ሰዎች ሞተው ነበር።

ስለዚህ አደጋ ብዙ ተጽፏል፤ ብዙም ተብሏል። እኛ በዚህ ጽሑፍ ወደ ነገሩ የምንመለሰው ኀዘኑን ለመቀስቀስ አይደለም። በሳይንስ ፋኩልቲ ውስጥ ቴክኖሎጂን የምንማረውና የምናስተምረው አብዛኛውን ጊዜ ለብቻው ነጥለን ነው፤ ገበያው በሌላ ፋኩልቲ፣ ፖለቲካው ደግሞ በሌላ ሕንፃ ይጠናል። የ737 ማክስ ታሪክ ግን እነዚህን ሁሉ በአንድ የብረት አካል ውስጥ አንድ ላይ ያሳየናል። አንባብያን ልብ እንዲሉልን የምንፈልገው፣ ከዚህ በታች “እ.ኤ.አ.” ያልንባቸው ዘመናት በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ መሆናቸውን ነው።

ባለ አጭር እግሩ አውሮፕላን

ነገሩ የሚጀምረው ከአውሮፕላኑ ቁመት ነው። ቦይንግ 737 ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረው እ.ኤ.አ. በ1967 ነው። በዚያን ጊዜ አነስተኛ አውሮፕላን ማረፊያዎች ዘመናዊ መሰላልና የጭነት ማንሻ ስላልነበራቸው፣ መሐንዲሶቹ አውሮፕላኑን ወደ መሬት የቀረበ አድርገው ሠሩት። ሻንጣ በሰው እጅ ይጫናል፤ ሞተሩንም መካኒክ ያለ ብዙ ችግር ይደርስበታል። የዘመኑ የጄት ሞተሮች ቀጫጭን ስለነበሩ ከክንፉ ሥር ያለው ጠባብ ቦታ ይበቃቸው ነበር።

ይሁን እንጂ የጄት ሞተር ዕድገት ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ሄደ፤ ይኸውም ወደ ውፍረት ነው። ምክንያቱን የፊዚክስ ተማሪ በቀላሉ ያገኘዋል። ሞተር አውሮፕላኑን ወደ ፊት የሚገፋው አየርን ወደ ኋላ በመወርወር ነው። የሚገኘው ግፊት በአየሩ ክብደትና ፍጥነት ብዜት ይወሰናል፤ ለዚያ የሚከፈለው ጉልበት ግን ከፍጥነቱ ስኩዌር ጋር ይጨምራል። ስለዚህ እጥፍ አየር በግማሽ ፍጥነት ብንወረውር ያንኑ ግፊት በግማሽ ጉልበት እናገኛለን ማለት ነው። ብዙ አየር ለመወርወር ደግሞ ሰፊ ማራገቢያ ያስፈልጋል። ከማክስ በፊት በነበረው የ737 ትውልድ ላይ የማራገቢያው ስፋት 1.55 ሜትር ያህል ሲሆን፣ ለማክስ የተሠራው ሌፕ የተባለው ሞተር 1.76 ሜትር ሆነ።

ሃያ አንድ ሴንቲ ሜትር በወረቀት ላይ ትንሽ ናት። እግሩ አጭር ለሆነ አውሮፕላን ግን ከክንፉ ሥር የሚበቃ ቦታ አልተገኘላትም። በመሆኑም ሞተሩ ወደ ፊትና ወደ ላይ ተገፍቶ ተሰቀለ፤ የአፍንጫው ጎማ እግርም እንዲረዝም ተደረገ። ይህ ለውጥ የአየር ፍሰቱን ቀየረው። አውሮፕላኑ አፍንጫውን ከፍ አድርጎ በሚበርበት ጊዜ የሞተሩ ሽፋን ራሱ ከክብደት ማዕከሉ ፊት ለፊት ተጨማሪ የማንሣት ኃይል ይፈጥራል፤ አፍንጫውንም ይበልጥ ወደ ላይ ይገፋዋል። የአቪዬሽን ደንብ የሚጠይቀው ደግሞ የዚህን ተቃራኒ ነው፦ አብራሪው መሪውን ወደ ራሱ በሳበ ቁጥር መሪው እየከበደ መሄድ አለበት እንጂ መቅለል የለበትም።

ይህን ጉድለት ለመሸፈን የተጻፈው የኮምፒዩተር ፕሮግራም ኤምካስ ይባላል። ክንፉ ከፊት ለፊቱ ከሚመጣው ነፋስ ጋር የሚሠራው ማዕዘን ከመጠን ሲያልፍ፣ ፕሮግራሙ የጅራቱን አግድም ክንፍ በራሱ ጊዜ አዙሮ አፍንጫውን ወደ ታች ያወርዳል። አብራሪው ምንም አያዝዝም።

ለምን አዲስ አውሮፕላን አልተሠራም?

አስተዋይ አንባቢ ይህን መጠየቁ አይቀርም። እግሩ ካጠረ እግሩን አርዝሞ፣ ክንፉንም አስተካክሎ አዲስ አውሮፕላን መሥራት አይቻልም ነበርን? ይቻል ነበር። በቦይንግ ውስጥም የታሰበ ጉዳይ ነበር። መልሱ ያለው ግን በአየር ፍሰት ሳይሆን በገበያ ውስጥ ነው።

የአውሮፓው ኤርባስ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2010 ኤ320ኒዮ የተባለውን፣ አዲስ ሞተር የተገጠመለትን አውሮፕላን ይፋ አደረገ። የነዳጅ ፍጆታን በ15 በመቶ ያህል እንደሚቀንስ ቃል ገባ። በ2011 የአንድ በርሜል ድፍድፍ ነዳጅ ዋጋ በአማካይ ከ100 ዶላር በላይ ስለነበር ቃሉ የአየር መንገዶችን ልብ ሳበ። በዚያው ዓመት በጁን በፓሪስ የአየር ትርኢት ላይ ብቻ ለኒዮ ከስድስት መቶ በላይ ትእዛዝ ተገኘ። ከአንድ ወር በኋላም የቦይንግ የዘመናት ደንበኛ የነበረው አሜሪካን ኤርላይንስ 260 ኤርባሶችን እንደሚገዛ አስታወቀ። ከቦይንግ ደግሞ 200 አውሮፕላኖችን ሲያዝ፣ ከእነዚህ 100ዎቹ ገና በቦይንግ ቦርድ ያልጸደቁ፣ አዲስ ሞተር የሚገጠምላቸው 737ዎች ነበሩ። ቦርዱ ያጸደቃቸው ኦገስት 30 ቀን 2011 ነው። በሌላ አነጋገር አውሮፕላኑ ከመወሰኑ በፊት ተሸጧል።

አዲስ አውሮፕላን መሥራት አሥር ዓመት ሊጠጋ ይችላል፤ የቆየውን ማሻሻል ደግሞ ስድስት ዓመት ወሰደ። በዚህ ልዩነት ውስጥ ተፎካካሪው ገበያውን ጠቅልሎ ሊወስደው ይችል ነበር። በገበያው ውስጥ ያሉት ትልልቅ አምራቾች ሁለት ብቻ በመሆናቸው፣ አንዱ የሚያጣውን ሌላው ያገኘዋል።

በዚህ ላይ የሥልጠና ጉዳይ ተጨመረ። አየር መንገዶች ነባር የ737 አብራሪዎቻቸውን በሲሙሌተር ሳያሠለጥኑ ወደ ማክስ ማሸጋገር ፈለጉ፤ ቦይንግም ይህን እንደ ዋነኛ መሸጫ ተጠቀመበት። ከሳውዝዌስት ኤርላይንስ ጋር በገባው ውል፣ የሲሙሌተር ሥልጠና ግዴታ ከሆነ በእያንዳንዱ አውሮፕላን ላይ 1 ሚሊዮን ዶላር ሊቀንስለት ተስማምቶ እንደነበር የአሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤት የትራንስፖርትና የመሠረተ ልማት ኮሚቴ ምርመራ አረጋግጧል። እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ኤምካስ በአብራሪዎች መመሪያ ውስጥ በዝርዝር ቢገለጽ ተቆጣጣሪው ሥልጠና ሊጠይቅ ይችላል፤ ሥልጠና ከተጠየቀ ውሉ ገንዘብ ያስከፍላል። እ.ኤ.አ. በ2016 ቦይንግ ኤምካስ ከመመሪያው እንዲወጣ ጠየቀ፤ ተፈቀደለትም። አብራሪዎች ወደ ማክስ የተሸጋገሩት በታብሌት ላይ በሚሰጥ አጭር ትምህርት ነበር። አብዛኞቹ የኤምካስን ስም ለመጀመሪያ ጊዜ የሰሙት ከላየን ኤር አደጋ በኋላ ነው።

አንዲት መለኪያ

በአውሮፕላኑ አፍንጫ ግራና ቀኝ ሁለት ትናንሽ የማዕዘን መለኪያዎች አሉ። ነፋሱ በሚመጣበት አቅጣጫ የሚዞሩ ክንፍ መሰል ነገሮች ናቸው፤ ወፍ ሊመታቸው፣ በረዶ ሊይዛቸው፣ ሽቦቸው ሊበላሽ ይችላል። ኤምካስ መረጃ የሚወስደው በእያንዳንዱ በረራ ከሁለቱ ከአንዱ ብቻ ነበር። ሁለተኛው መለኪያ እዚያው እያለ ማንም አልጠየቀውም።

የፕሮባቢሊቲ ተማሪዎች ይህን ለመገንዘብ ብዙ አይቸገሩም። ለምሳሌ ያህል አንድ መለኪያ በ100 ሺህ የበረራ ሰዓት አንድ ጊዜ ይሳሳታል እንበል። ሁለቱ አንዳቸው ከሌላው ነጻ ሆነው በአንድ ጊዜ የመሳሳት ዕድላቸው ከ10 ቢሊዮን አንድ ይሆናል። በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች መካከል ያለው ርቀት ሁለቱን ንባቦች የሚያነጻጽር ጥቂት መስመር ፕሮግራም ነው። የአቪዬሽን ደንብ አውሮፕላን ሊያስጠፋ የሚችል ብልሽት ከ1 ቢሊዮን የበረራ ሰዓት አንድ ጊዜ በላይ እንዳይከሠት የሚጠይቅ ሲሆን፣ “ከባድ” ብቻ ለሚባለው ብልሽት ግን 100 ሺህ ሰዓት ይበቃል።

ስለዚህ ወሳኙ ጥያቄ የኤምካስ ስሕተት በየትኛው ክፍል ይመደብ የሚለው ነበር። ቦይንግ በመደበኛ በረራ የሚያጋጥመውን ያልታዘዘ የኤምካስ እንቅስቃሴ በቀለለው ክፍል መደበው። ምደባው የቆመው አብራሪው ችግሩን በ4 ሰከንድ ገደማ ውስጥ ተረድቶ ያርመዋል በሚል ግምት ላይ ነው። ነገር ግን ከላይ የጠቀስነው የምክር ቤት ኮሚቴ እንዳገኘው፣ የኩባንያው የራሱ የሙከራ አብራሪ እ.ኤ.አ. በ2012 በሲሙሌተር ላይ ከ10 ሰከንድ በላይ ወስዶበታል፤ ውጤቱንም አውዳሚ ብሎታል። በተጨማሪም ፕሮግራሙ በመጀመሪያ ሲነደፍ ጅራቱን በ0.6 ዲግሪ ብቻ የሚያዞር ነበር። በሙከራ በረራ ወቅት አቅሙ ወደ 2.5 ዲግሪ ከፍ ተደረገ፤ አብራሪው ካስተካከለው በኋላም ከ5 ሰከንድ በኋላ እንደገና ይሠራል። ይህ ለውጥ የአብራሪዎችን ሥልጠና ለሚወስኑት የመንግሥት ባለሙያዎች አልደረሰም።

ሁለቱ መለኪያዎች ሲለያዩ የሚበራ የማስጠንቀቂያ ምልክትም ነበር። ሆኖም በፕሮግራም ስሕተት ምክንያት የሚሠራው አየር መንገዱ ሌላ አማራጭ መሣሪያ በተጨማሪ ክፍያ ከገዛ ብቻ ነበር። ኩባንያው ስሕተቱን እ.ኤ.አ. በ2017 ደርሶበት ማረሚያውን ለ2020 ቀጠረው።

በእኛው አውሮፕላን ላይ የሆነውን የመጀመሪያ ደረጃ የምርመራ ሪፖርቱ በቁጥር አስቀምጦታል። ከመሬት እንደተነሣ የቀኙ መለኪያ 15.3 ዲግሪ ሲያሳይ፣ የግራው አንድ ሰከንድ ባልሞላ ጊዜ ውስጥ 74.5 ዲግሪ ደረሰ። የመንገደኛ አውሮፕላን በ74.5 ዲግሪ አይበርም፤ ይህን ለማወቅ መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም። ኤምካስ ግን አመነው። አብራሪዎቹ ከላየን ኤር አደጋ በኋላ በወጣው መመሪያ መሠረት የጅራቱን የኤሌክትሪክ ኃይል አጠፉ። ይሁን እንጂ አውሮፕላኑ በከፍተኛ ፍጥነት ላይ ስለነበር በጅራቱ ላይ ያረፈው የአየር ጫና በእጅ የሚዞረውን መንኮራኩር አላንቀሳቅስ አለ። ኃይሉ ሲመለስ ኤምካስም ተመለሰ።

ተቆጣጣሪውና ተቆጣጣሪውን የሚያዘው

አውሮፕላን ያለ መንግሥት ፈቃድ አይበርም። ታዲያ የአሜሪካ ፌዴራል የአቪዬሽን አስተዳደር የት ነበር?

አስተዳደሩ የራሱን ሥራ በከፊል ለአምራቹ ሠራተኞች በውክልና የሚሰጥ ሥርዓት አለው። አሠራሩ በራሱ እንግዳ አይደለም። በዘመናዊ አውሮፕላን ውስጥ ያለውን ሁሉ የሚፈትሽ የሰው ኃይል ያለው መንግሥት የለም፤ ዕውቀቱም በአብዛኛው ያለው በአምራቹ ዘንድ ነው። ችግሩ የሚነሣው ወካዩ ወኪሉን ለመቆጣጠር የሚበቃ ባለሙያና በጀት ሲያጣ፣ ወኪሉም ደመወዙን የሚያገኘው ከሚቆጣጠረው ድርጅት ሲሆን ነው። ውክልናው እንዲሰፋ ኢንዱስትሪው ለዓመታት ምክር ቤቱን ሲወተውት ቆይቷል። ውክልናውን ይበልጥ ያጠናከረው ሕግ የተፈረመው እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 5 ቀን 2018 ነው፤ የላየን ኤር አውሮፕላን የወደቀው ከ24 ቀን በኋላ ነበር። ሕጉ ለማክስ አልደረሰበትም፤ ማክስ ፈቃዱን ያገኘው በማርች 2017 ነውና። የፖለቲካው ነፋስ ወደ የት ይነፍስ እንደነበር ግን በሚገባ ያሳያል።

ከሁሉ የሚከብደን በሁለቱ አደጋዎች መካከል የሆነው ነው። አስተዳደሩ በዲሴምበር 2018 የራሱን የሥጋት ስሌት ሠራ። ኤምካስ ሳይታረም ቢቀር በማክስ ዘመን፣ ማለትም በ45 ዓመት ገደማ ውስጥ፣ ወደ 15 የሚጠጉ አደጋዎች ሊደርሱ እንደሚችሉ ስሌቱ አመለከተ። ይህ ሰነድ በአስተዳደሩ እጅ እያለ አውሮፕላኑ መብረሩን ቀጠለ፤ ማረሚያው በጥቂት ወራት ይደርሳል ተብሎ ስለታሰበ። እኛ ስሌቱን ስናየው የሚገርመን ቁጥሩ አይደለም። ሥጋትን በአማካይ ማስላት ተገቢ ነው፤ ነገር ግን አማካይ ቁጥር ቀጣዩ አደጋ በየትኛው ወር እንደሚሆን አይናገርም። ከ15ቱ አንዱ በመጋቢት ሊሆን እንደሚችል ስሌቱ ራሱ ይፈቅዳል።

ሦስት ቀናት

ከቢሾፍቱው አደጋ በኋላ በነበሩት ሦስት ቀናት ሳይንስና ፖለቲካ ፊት ለፊት ተያዩ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የማክስ አውሮፕላኖቹን ወዲያውኑ ከበረራ አገደ። በማግሥቱ ቻይና አገደች፤ ቀጥሎ አውሮፓ። ከአሜሪካ ጋር በንግድ ጦርነት ላይ የነበረችው ቻይና ቀድማ ማገዷን አንዳንዶች ለፖለቲካ ሰጡት። የቦይንግ ዋና ሥራ አስፈጻሚ ዴኒስ ሙለንበርግ በማርች 12 ለፕሬዚዳንት ትራምፕ ስልክ ደውለው አውሮፕላኑ አስተማማኝ እንደሆነ ተናገሩ። በማግሥቱ፣ ማርች 13፣ ፕሬዚዳንቱ እገዳውን ራሳቸው አወጁ። የሳተላይት መረጃ የሁለቱን በረራዎች መመሳሰል ስላሳየ ከዚያ በላይ መቆየት አልተቻለም ነበር።

ኢትዮጵያ የበረራ መረጃ መቅጃዎቹን ለንባብ የላከችው ወደ አሜሪካ ሳይሆን ወደ ፈረንሳይ ነው። ውሳኔው ቴክኒካዊ ብቻ አልነበረም፤ የአምራቹ አገር ተቋማት በሚነበበው ውጤት ላይ ጥቅም ያላቸው መሆናቸውን ከግምት ያስገባ ነበር ብለን እናምናለን።

የገንዘቡ መንገድ

በዓለም ዙሪያ 387 ማክሶች መሬት ላይ ቆሙ። ፋብሪካው ማምረቱን ለወራት ቀጠለ፤ አዳዲሶቹ አውሮፕላኖች ማቆሚያ እስኪጠፋ ድረስ ተደረደሩ። በጃንዋሪ 2020 ምርቱ ሲቋረጥ፣ በካንሳስ ግዛት ዊቺታ ከተማ የአውሮፕላኑን አካል የሚሠራው ስፒሪት ኤሮሲስተምስ 2,800 ሠራተኞችን አሰናበተ። የአሜሪካ የገንዘብ ሚኒስትር የዚያ ዓመት የአገሪቱ ዕድገት በዚሁ ምክንያት እስከ 0.5 በመቶ ነጥብ ሊቀንስ እንደሚችል ተናገሩ። አንድ የማዕዘን መለኪያ የአንድን ታላቅ አገር ብሔራዊ ምርት ሲነካ ማየት ለኢኮኖሚክስ ተማሪዎች ብርቅ ምሳሌ ነው።

የቦይንግ ቀጥተኛ ኪሣራ ከ20 ቢሊዮን ዶላር በላይ ሆነ። ይህን ኩባንያው ከአደጋዎቹ በፊት በነበሩት ስድስት ዓመታት የራሱን አክሲዮን መልሶ ለመግዛት ካወጣው ከ40 ቢሊዮን ዶላር በላይ ጋር ማነጻጸር ይጠቅማል። ገንዘብ አልጠፋም ነበር ማለት ነው፤ የተመደበው የአክሲዮን ዋጋን ከፍ ለማድረግ ነበር። ብዙዎች ይህን ዝንባሌ እ.ኤ.አ. በ1997 ቦይንግ ከማክዶኔል ዳግላስ ጋር ከተዋሐደበትና በ2001 ዋና መሥሪያ ቤቱን መሐንዲሶቹ ካሉበት ሲያትል ወደ ቺካጎ ካዛወረበት ጊዜ ጋር ያያይዙታል። ይህ አስተያየት የእውነት ጭላንጭል ቢኖረውም፣ እኛ ከዚያ ይልቅ ለውሉ አንድ ሚሊዮን ዶላር የበለጠ ክብደት እንሰጣለን፤ የመሐንዲሱን የዕለት ውሳኔ በቀጥታ የነካው እሱ ነውና።

በሕግ በኩል ቦይንግ በጃንዋሪ 2021 ከአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር ጋር በ2.5 ቢሊዮን ዶላር ተስማማ። ከዚህ ውስጥ ትልቁ ክፍል፣ 1.77 ቢሊዮኑ፣ ለአየር መንገዶች የሚከፈል ካሣ ሲሆን ለሟች ቤተሰቦች የተመደበው 500 ሚሊዮን ነበር። በግል የተከሰሰው አንድ የቀድሞ ሠራተኛ ብቻ ሲሆን እሱም በ2022 በነጻ ተለቀቀ። ቤተሰቦቹ ስምምነቱን ለዓመታት በፍርድ ቤት ተከራክረውበታል።

ያልተዘጋ ክርክር

በዲሴምበር 2022 የኢትዮጵያ የአደጋ ምርመራ ቢሮ የመጨረሻ ሪፖርቱን አወጣ። የግራው መለኪያ የተበላሸው ከፋብሪካው ጀምሮ በነበረ የኤሌክትሪክ ችግር ነው አለ። የአሜሪካና የፈረንሳይ መርማሪዎች ግን አልተስማሙም፤ መለኪያውን ምናልባት ወፍ መትቶታል፣ የበረራ ሠራተኞቹ ፍጥነቱን አለመቀነሳቸውም በበቂ አልተመረመረም ሲሉ አስተያየታቸውን ለየብቻ አሳተሙ። ኤምካስ አውሮፕላኑን እንደጣለው ግን ሁሉም ይስማማሉ። በእኛ አስተያየት መለኪያውን ወፍ መታው ወይስ ሽቦ በላው የሚለው ጥያቄ የክስና የካሣ ጥያቄ እንጂ የንድፍ ጥያቄ አይደለም፤ ወፍም ሽቦም የሚጠበቁ ነገሮች ናቸው።

አውሮፕላኑ ከ20 ወራት እገዳ በኋላ በኖቬምበር 2020 እንደገና ተፈቀደ። አሁን ኤምካስ ሁለቱንም መለኪያዎች ያነባል፤ ልዩነታቸው ከ5.5 ዲግሪ ካለፈ ሥራውን ያቆማል። በአንድ ክሥተት አንድ ጊዜ ብቻ ይሠራል፤ አብራሪው በመሪው ሊቋቋመው ከሚችለው በላይም አያዞርም። የሲሙሌተር ሥልጠናም ግዴታ ሆኗል።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ማክስን ወደ በረራ የመለሰው ጥር 24 ቀን 2014 ዓ.ም. ነው። በኅዳር 2016 ዓ.ም. ደግሞ በዱባይ የአየር ትርኢት ላይ 20 ተጨማሪ ማክሶችን አዘዘ። ይህን ውሳኔ የሰሙ ብዙ ሰዎች፣ የእኛም ተማሪዎች ጭምር፣ ግራ ተጋብተው ጠይቀውናል። ባለ አንድ መተላለፊያ ትልልቅ አውሮፕላኖችን በብዛት የሚያመርቱት ሁለት ኩባንያዎች ናቸው፤ የኤርባስ ወረፋ ለብዙ ዓመታት ተይዟል። በ737 የሠለጠኑ አብራሪዎች፣ መካኒኮችና የተከማቹ መለዋወጫዎችም በቦሌ አሉ። ከትእዛዙ ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላ፣ በጃንዋሪ 5 ቀን 2024 የአላስካ ኤርላይንስ ንብረት ከሆነ ማክስ 9 ላይ አንድ የበር መዝጊያ በአየር ላይ ተገንጥሎ ወደቀ። አራቱ ማሠሪያ ብሎኖች በፋብሪካ ሳይገቡ ቀርተው ነበር።